ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

አንድ የቆየ የናፍጣ ፒክአፕ ማርሽ አልቀይር ሲል፣ ወይም ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልፈጥን ሲል፣ ከብዙ ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ፍርድ «ካምቢዮው አልቋል» የሚል ነው። ፍርዱ ውድ ነው፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ አስወርዶ ማሳደስ የአሮጌውን መኪና ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። ነገር ግን በካምቢዮ ከሚሳበቡት ጥፋቶች ብዙዎቹ ምንጫቸው ሌላ ነው። ከውስጥ የመነጨ ብልሽት ቢሆን እንኳ ምልክት ሳይሰጥ አይቀርም። የትኛው ማርሽ እንደሚንሸራተት በትዕግሥት ያስተዋለ ሰው፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ የተበላውን ክፍል ለይቶ ሊጠቁም ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በአሜሪካ መንገዶች ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው አሮጌው ዶጅ ራም ነው። የዶጅ እናት ኩባንያ ክራይስለር በዚህ ፒክአፕ ላይ 5.9 ሊትሩን የከሚንስ ናፍጣ ሞተር መግጠም የጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ነበር። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር አቅሙ 160 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢሆንም፣ ቶርክ የሚባለው የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን ወደ 540 ኒውተን ሜትር ይጠጋል፤ ያውም ገና በዝግታ እየዞረ ሳለ። ይህን ኃይል እንዲሸከም የተሰጠው አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለቤንዚን ሞተሮች የተነደፈው ባለ ሦስት ማርሹ ቶርክፍላይት 727 ነው። በኋላ አራተኛ ማርሽ ተጨመረለት፤ በ1994 47አርኤች፣ በ1996 ደግሞ 47አርኢ የተባሉት ተተኪዎቹ መጡ። ስሙ ቢለዋወጥም የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም።

ማንኛውም አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ ለመወሰን ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ የመኪናውን ፍጥነትና በሞተሩ ላይ ያለውን ጫና። በቤንዚን ሞተር ጫናውን ማወቅ አያስቸግርም። የአየር መግቢያው በፔዳሉ ልክ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ፣ እዚያ የሚፈጠረው ቫኪዩም ጫናውን ያሳያል። የናፍጣ ሞተር ግን አየር ሳይገድብ ያስገባል፤ ኃይሉን የሚወስነው የሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ የተሠሩት የፎርድ ናፍጣ ፒክአፖች ቫኪዩም የሚያመነጭ ፖምፓ፣ በነዳጅ ፖምፓው ላይ ደግሞ ቫኪዩሙን የሚመጥን ቫልቭ አስፈልጓቸዋል። ዶጅ በበኩሉ ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር አብሮ የሚሳብ ገመድ ወደ ካምቢዮው ዘረጋ።

ይህ ገመድ ከላላ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ይወርዳል። ማርሹ ቶሎና ለስለስ ብሎ ስለሚቀየር ነጂው ይደሰታል፤ ፍሪሲዮኖቹ ግን ጠብቀው ስለማይያዙ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ ማርሹ ዘግይቶ በኃይል ይገባል። ገመዱን ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ግን ከዘይቱ ነው። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ዘይቱ የሚለካው ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ነው። በእነዚህ የዶጅ ካምቢዮዎች ግን መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ዘይቱ ሞቆና ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ኒውትራል ላይ መሆን አለበት። ፒ ላይ ዘይቱ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው ወደሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ስለማይዘዋወር የጎደለው የሞላ ይመስላል። ጤናማ ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ነው። ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካመጣ ፍሪሲዮን እየተበላ ነው፤ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ገብቶበታል።

ጠዋት ብቻ ዲ ላይ ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ የሚያመነታ መኪናም በአብዛኛው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሌሊቱን የኮንቨርተሩ ዘይት ወደ ታች ወርዶ ነው። ሞቆም የሚያመነታ ከሆነ ግን የዘይት መጉደል፣ የፊልትሮ መደፈን ወይም የጎማ ማሸጊያዎች መድረቅ ይጠረጠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው እያንዳንዱን ማርሽ ለየብቻ መፈተን ነው። በዚህ ካምቢዮ ውስጥ የፊትና የኋላ ፍሪሲዮኖች፣ እንደ ቀበቶ ዙሪያውን አጥብቀው የሚይዙ የፊትና የኋላ ባንዶችም አሉ። ዲ ላይ አንደኛ ማርሽ በኋላ ፍሪሲዮንና በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚዞር ማያዣ ይሠራል። ሁለተኛው የኋላ ፍሪሲዮንን ከፊት ባንድ ጋር ያጣምራል። ሦስተኛው ሁለቱንም ፍሪሲዮኖች ይይዛል፤ ሪቨርስ ደግሞ የፊት ፍሪሲዮንንና የኋላ ባንድን ይጠቀማል።

እንግዲህ ሁለተኛው ማርሽ ብቻ ከተንሸራተተ ተጠርጣሪው የፊት ባንድ ነው፤ እሱም ከውጭ ባለ ብሎን ይስተካከላል። ሦስተኛውና ሪቨርሱ አብረው ከተንሸራተቱ የጋራቸው የፊት ፍሪሲዮን ነው። ሪቨርሱ ብቻ ከደከመ የኋላ ባንዱ ይታያል። ማርሹን ይኸው ባንድ በሚሠራበት ቁጥር 1 ላይ አድርገው ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን ካልያዘ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ወደፊት የሚያስኬዱት ሁሉ ተንሸራተው ሪቨርሱ ጤነኛ ከሆነ ተጠርጣሪው የኋላ ፍሪሲዮኑ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከተንሸራተቱ ደግሞ መጠርጠር ያለበት የሁሉም የጋራ የሆነው ነው፦ ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ ግፊቱ ወይም ኮንቨርተሩ።

47አርኢ ላይ ኤሌክትሪክ ሲጨመር ሌላ ዓይነት ግራ መጋባት መጣ። ቶርክ ኮንቨርተር ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡ ሁለት ፋኖች ነው፤ አንዱ ዘይቱን ሲገፋ ሌላው በግፊቱ ይዞራል። በረጅም መንገድ ላይ ኃይል እንዳይባክን ሎክአፕ የሚባል ፍሪሲዮን ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ዶጆች ላይ ግን በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሎክአፑ ይያያዝና ይለቅቃል፤ ነጂውም ካምቢዮው ማርሽ መምረጥ ያቃተው ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ መንስኤው ያረጀ የነዳጅ ፔዳል ሴንሰር፣ የላላ የባትሪ ኔጌቲቭ ሽቦ፣ ወይም ዳዮዱ የተበላሸ አልተርኔተር የሚያመጣው የተዛባ ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ0.1 ቮልት በላይ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከተለካ አልተርኔተሩ መመርመር አለበት።

ማርሹ ከሦስተኛ አልንቀሳቀስ ሲልም የመኪናውን ፍጥነት ለካምቢዮው የሚያሳውቀውን የገቨርነር ግፊት የሚለካው ሴንሰርና የሚቆጣጠረው ሶሌኖይድ ይፈተሻሉ። ሁለቱም የሚገኙት ከካምቢዮው በታች ባለው የዘይት መያዣ ውስጥ ስለሆነ ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግም።

ካምቢዮን በእውነት የሚገድለው ሙቀት ነው። ከባድ ተሳቢ ጎትቶ ዳገት የሚወጣ ናፍጣ ኮንቨርተሩን ያግለዋል፤ የዘይቱ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከቆየ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ ዘይቱም ማለስለሱን ይተዋል። በጭቃ የተደፈነን የዘይት ማቀዝቀዣ ማጠብ የሚጠይቀው ውሃና ብሩሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለ መኪናው ካምቢዮው እንዲወርድ ከመፍቀዱ በፊት መካኒኩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ዘይቱ በትክክለኛው ማርሽ ላይ ተለክቷል? ገመዱ፣ ሴንሰሮቹና አልተርኔተሩ ተፈትሸዋል? ግፊቱስ በጌጅ ታይቷል? ሦስቱም መልስ ካላገኙ ካምቢዮው ገና አልተመረመረም፤ መውረድም የለበትም።