ፊደላችን ሣጥን የሚሆነው ለምንድን ነው?
(ስለ ፒዲኤፍና ስለ ደመናው ማተሚያ)

አንድ ጓደኛችን ለሥራ ማመልከቻ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ከአንድ መሥሪያ ቤት በስልኩ ተቀብሎ፣ ለማተም ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጣ። ከሸማ ሱቆቹ መካከል ካለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ወረቀቱን አሳተመ። ማኅተሙ አለ፤ ቁጥሩ አለ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውም በሙሉ አለ። የእርሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በሚገባበት መስመር ላይ ግን አንድም ፊደል የለም፤ በፋንታው ባዶ ሣጥኖች ተደርድረዋል። የሱቁ ልጅ «መኪናው አይደለም፤ ፋይሉ ነው» አለችው። እውነትም ፋይሉ ነበረ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ቢጠይቅ «ሲስተሙ አማርኛ አይቀበልም፤ በእንግሊዝኛ እንሥራልህ» ተባለ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ መልስ ነው። ሲስተሙ አማርኛን መቀበል አቅቶት አይደለምና። የጐደለው አንድ አነስተኛ ፋይል ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱ በፊደላችን ላይ ሲላከክ ዝም ብንል ነገ ወረቀቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ እንመልከት።

በመጀመሪያ ፒዲኤፍ ምንድን ነው? አዶቤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው፣ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀ የሰነድ አጻጻፍ ነው። ዋና ዓላማው አንድ ገጽ በየትም አገር፣ በማናቸውም መሣሪያ ቢከፈት አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ነው። በፒዲኤፍ ውስጥ ገጹ እንደ ካርታ ነው። አንድ ኢንች በ72 ነጥብ ይከፈላል፤ ኤ4 የተባለው ወረቀት ወርዱ 595፣ ቁመቱ 842 ነጥብ ያህል ይሆናል። ፋይሉ «በዚህ ነጥብ ላይ፣ በዚህ ፎንት፣ ይህን ቅርጽ አስቀምጥ» እያለ ያዝዛል። እንግዲህ የፊደሉ ቅርጽ የሚገኘው ከፎንቱ ነው። ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ አብሮ ከታሸገ ወረቀቱ ጎንደርም ዋሽንግተንም አንድ ነው። ካልታሸገ ግን የሚከፍተው መሣሪያ ያለውን ይተካል፤ ከሌለውም ሣጥን ያሳያል።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋናው ነገር መኪናው ብቻ አልነበረም፤ የእርሳስ ፊደላቱ መደርደሪያም ጭምር ነበረ። መደርደሪያው ውስጥ «ጸ» ከሌለ መኪናው ቢዞር ቢዞር «ጸሎት» የሚል ቃል አይወጣውም። የዛሬው ፎንት ያ መደርደሪያ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰነዱን የሚሠራው ማነው የሚለው ነው። ቀድሞ ይህ ሥራ ሌትና ቀን በማይጠፋ ሰርቨር ላይ ይሠራ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አማዞን ላምዳ የተባለውን አገልግሎት ካወጣ ወዲህ ግን «ሰርቨርለስ» የተባለው አሠራር ተስፋፋ። ቃሉ ሰርቨር የለም ማለት ቢመስልም ሰርቨሩ አለ፤ ተጠቃሚው አይጠብቀውም፣ አይከራየውም ማለት ነው እንጂ።

ነገሩን በሽሮ ሜዳ ሸማኔ እንመስለው። አንድ ነጋዴ ሸማኔ በወር ደመወዝ ቀጥሮ ጉድጓዱ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ትእዛዝ በሌለበት ቀን እንኳ ደመወዙን ይከፍላል። ይህ የቀድሞው ሰርቨር ነው። ሌላው ነጋዴ ደግሞ ትእዛዝ ሲመጣለት ብቻ ሸማኔ ጠርቶ በተሠራው ልክ ይከፍላል። የበዓል ሰሞን ትእዛዝ ቢበዛ ሃምሳ ሸማኔ ይጠራል፤ በማግሥቱ አንድም አይኖረውም። ይህ ሰርቨርለስ ነው። የሚጠራው ሸማኔ ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፤ ጥለቱ ቀይ እንዲሆን የፈለገ ሰው ቀዩን ክር ራሱ ማቅረብ አለበት።

ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሲሞክረው አማርኛው አምሮ ይታየዋል፤ ዊንዶውስ ኤብሪማ የተባለ፣ ማክ ደግሞ ከፋ የተባለ የግዕዝ ፊደል ያለባቸው ፎንቶች ይዘው ስለሚመጡ ነው። ፕሮግራሙ ወደ ደመናው ሲላክ ግን እነዚህ ፎንቶች አብረው አይሄዱም። ፒዲኤፍ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃቸው 14 መደበኛ ፎንቶችም የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክቶች የያዙ ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት አንድም የለም። ፎንቱ የሌለውን ፊደል ሲጠየቅ በዜሮ ቁጥር ያስቀመጠውን ቅርጽ ይሰጣል። ያ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሣጥን ነው። የጓደኛችን ስም ሣጥን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሙ ራሱ እንዳልጠፋ ልብ እንበል። ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ መዝገብ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 እያለ ይሄድና «ለ» 4616 ላይ ይጀምራል። ሣጥን ሆኖ የታየውም ስም በቁጥሩ ደኅና ነው፤ ያጣው መልኩን ብቻ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበረው ችግር ይከፋ ነበር። የዚያ ዘመን የአማርኛ ፎንቶች የላቲንን ቁጥር ተውሰው የግዕዝ ቅርጽ ያለብሱት ነበርና፣ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። በዚያ መንገድ በተሠራ ፒዲኤፍ ውስጥ ስም መፈለግ ዛሬም አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር አሽጎ መላክ ነው። አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች በነፃ የሚገኙ፣ ለማሰራጨትም የተፈቀዱ ናቸው። «ኖቶ» የሚለው ስም የመጣው «ቶፉ ይቅር» ከሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር ነው፤ ቶፉ ማለት ያ ባዶ ሣጥን ነው። ፊደላችን እንደ ዐረብኛ እርስ በርሱ ተያይዞ ቅርጹን አይለውጥም፤ ስለዚህ ፎንቱ ከተገኘ ሌላ ብዙ ጣጣ የለበትም። በፒዲኤፉ ውስጥ የሚታሸጉትም ሰነዱ የተጠቀመባቸው ፊደላት ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላልና ፋይሉ አያብጥም።

ሰነዱን ለመሥራት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ገጹን እንደ ድረ ገጽ ጽፎ፣ መስኮት የሌለው ክሮም ከፍቶ ወደ ፒዲኤፍ ማስለወጥ ነው። ሠንጠረዥና ጌጥ ላለበት ሰነድ ይመቻል፤ ነገር ግን ክሮም ከባድ ነው። በላምዳ ላይ በዚፕ የሚላክ ፕሮግራም ተፈትቶ ከ250 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ከቆየ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥሪም ያዘግማል። ሁለተኛው መንገድ እንደ ሪፖርትላብና ፒዲኤፍኪት ባሉ መሣሪያዎች በቀጥታ ገጹ ላይ መሣል ነው። ይህ ቀላልና ፈጣን ነው፤ የእያንዳንዱን መስመር ቦታ መለካት ግን የጸሐፊው ፈንታ ነው። ለአንድ ገጽ ማስረጃ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው መንገድ የሚሄድ ሰው ፎንቱ ተጭኖ ሳያልቅ ገጹ እንዳይታተም ይጠንቀቅ፤ ያለዚያ ሣጥኑ አልፎ አልፎ እየመጣ ያስቸግረዋል።

ከፎንቱ ቀጥሎ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። የደመናው ሰዓት ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተጠየቀ ሰነድ፣ ካልታረመ በቀር፣ በፈረንጅ አቈጣጠር የትናንት ቀን ይጻፍበታል። ወደ ዘመናችን ሲለወጥም ከዓመቱ ስምንት መቀነስ አይበቃም፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ነው። የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን ሲውል የ2017ቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን ዋለ። ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም ለሰው የልደት ቀን ሊታመን አይገባም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የሰነዱ ቁጥር ነው። ላምዳ መልስ ሳይጠበቅ በተላከ ሥራ ላይ ስሕተት ሲያጋጥመው ሥራውን እስከ ሁለት ጊዜ እንደገና ይሞክራል። ፕሮግራሙ በየሙከራው አዲስ ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ አንድ ተማሪ ሦስት የተለያዩ ማስረጃዎች ሊወጡለት ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ለጥያቄው እንጂ ለሙከራው አይሰጥ።

ወጪውስ? አንዱ ሰነድ በአንድ ጊጋባይት መታሰቢያ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ለአንድ ሺህ ተማሪ 2000 ሰከንድ ይሆናል። በላምዳ የተለመደ ዋጋ፣ በሰከንድ 0.0000166667 የአሜሪካ ዶላር ሲታሰብ፣ ሁሉም ተደምሮ ከአራት ሳንቲም ያነሰ ነው። ችግሩ የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን በውጭ ምንዛሪ መከፈሉ ነው።

ከወጪው የሚበልጥ ሌላ ጥያቄም አለ። ስማችን፣ የልደት ቀናችንና ውጤታችን በየትኛው አገር ያድራል? አማዞን በአፍሪካ ጣቢያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 በኬፕታውን ነው። አገራችንም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1205/2020 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥታለች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2024 ወጥቷል። ስለዚህ ሰነድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ፋይሉን ማንም በሚከፍተው አድራሻ ላይ ማስቀመጥ አይገባውም፤ ለባለቤቱ ብቻ፣ ለጥቂት ሰዓት የሚያገለግል መክፈቻ ይስጥ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋርጦ እንደነበረም አንርሳ። በዚያን ጊዜ ደመናው ቢኖርም መድረሻ አልነበረም። ስለዚህ ያው ፕሮግራም በቢሮው ኮምፒዩተር ላይም እንዲሠራ ሆኖ ቢጻፍ ብልህነት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን ነገ እነዚህን ፕሮግራሞች የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። አንድ ቀላል ፈተና ልተውላችሁ። ፕሮግራማችሁን ለሕዝብ ከመስጠታችሁ በፊት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን የፊደል ገበታ በሙሉ፣ ከ«ሏ»ና ከ«ቋ» ጋር፣ ከ«፩» እስከ «፼» ካሉት ቁጥሮችና ከ«።» ጋር በደመናው ላይ አሳትሙት። ከዚያ ያንን ፋይል ወስዳችሁ በማታውቁት ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት፤ ሽሮ ሜዳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ይበቃል። አንድም ሣጥን ከሌለ ሥራችሁ አልቋል። አንድ እንኳ ካለ ግን ያ ሣጥን የአንድ ሰው ስም መሆኑን አስቡና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

ጓደኛችን ማመልከቻውን በመጨረሻው ቀን በእንግሊዝኛ ወረቀት አስገባ። «ሲስተሙ አይቀበልም» የሚል መልስ ዳግመኛ ስንሰማ ግን ፎንቱ የት እንዳለ እንጠይቅ።