የዓሣ ሕግ በኮምፒውተር ሲፈተን፦ ከዓሣ ነባሪ እስከ ጣና

ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም በ1982 ወሰነ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አደኑ አንድ ቀን ቢፈቀድ በዓመት ስንት ይታደን ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረም። ሳይንቲስቶቹ ባሕሩ ውስጥ ስንት ዓሣ ነባሪ አለ በሚለው ላይ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ መግባባት አልቻሉም። መውጫ የተገኘው ጥያቄው ሲለወጥ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ላናውቀው እንችላለን፤ ታዲያ ብንሳሳት እንኳ መንጋውን የማያጠፋ ደንብ የትኛው ነው?

በ1980ዎቹ መጨረሻ አምስት ተፎካካሪ ደንቦች ቀረቡ። ኮምፒውተር ውስጥ የሚወልድ፣ የሚሞት፣ የሚታደን መንጋ ተፈጠረ። ደንቡ የሚያየው እውነተኛውን ቁጥር ሳይሆን ስህተት የተቀላቀለበትን ቆጠራ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ሆን ተብሎ ቆጠራው ተጋነነ፣ የድሮው የአደን መዝገብ ጎደሎ ተደረገ፣ የባሕሩ ሁኔታም ተለዋወጠ። እያንዳንዱ ደንብ በዚህ ሁሉ ውስጥ ለ100 ዓመት ተፈተነ። በመጨረሻ የሳይንቲስቱ የጀስቲን ኩክ ደንብ ተመረጠ፤ ኮሚሽኑም በ1994 ተቀበለው። እገዳው ስላልተነሳ ኮሚሽኑ ራሱ ኮታ አላወጣበትም፤ የአፈታተን ዘዴው ግን ወደ ሌሎች ባሕሮች ተሻገረ።

ደቡብ አፍሪካ ለሰርዲን፣ ለአንቾቪና ለሄክ ዓሣዎቿ ቀደም ብላ ወሰደችው። ትልቁ ማስረጃ የሚመስለኝ ግን የደቡቡ ብሉፊን ቱና ነው። በ2011 የሚራባው ክምችት ከመጀመሪያው መጠን ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። አስጋሪ አገሮቹ በዚያው ዓመት በዚህ ዓይነቱ የኮምፒውተር ሙከራ (ሲሙሌሽን) የተፈተነ የኮታ ደንብ ተቀበሉ። በ2020 በተደረገው ግምገማ ክምችቱ ወደ 20 በመቶ ገደማ ደርሷል። ኮታው በየዓመቱ የድርድር ጉልበት የሚፈተንበት መሆኑ ቀርቶ አስቀድሞ ከተስማሙበት ስሌት መውጣቱ ትልቅ ለውጥ ነበር። የአትላንቲክ ብሉፊንም በ2022 ተከተለ።

የኮምፒውተር ሞዴል የዓሣ ሕግ መሠረት የሚሆነው ውቅያኖስ ላይ ብቻ አይደለም። በጀርመን ፍራንክፈርት፣ በኡንተርሊደርባህ ሰፈር የሚያልፈው ሊደርባህ የሚባል ትንሽ ወንዝ ወደ ማይን ይገባል፤ ማይን ወደ ራይን፣ ራይን ወደ ሰሜን ባሕር። በዚህ መስመር እባብ የሚመስለው የአውሮፓ ኢል ዓሣ ይመላለሳል። የሚራባው ሩቅ አትላንቲክ ውስጥ ነው፤ ወደ ሰሜን ባሕር ዳርቻ የሚደርሰው ጫጩት ከ1960–1979 አማካይ ጋር ሲነጻጸር ከ2 በመቶ በታች ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ባወጣው ደንብ የሰው ጫና ባይኖር ከወንዞች ወደ ባሕር ይመለስ ከነበረው የጎልማሳ ኢል ክብደት ቢያንስ 40 በመቶው እንዲመለስ አዘዘ። የሰው ጫና የሌለበትን ራይን በሕይወት ያለ ማንም አላየውም። መለኪያው የሚገኘው በስሌት ሞዴል ውስጥ ብቻ ነው፤ ሆኖም የማጥመጃ ፈቃድና የኃይል ማመንጫ ተርባይን ክርክር በእሱ ይዳኛል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሞዴል ሥራ እንግዳ አይደለም። ታደሰ ፈታሂና ሥዩም መንግሥቱ በ2007 የሐዋሳን ሐይቅ የምግብ ሰንሰለት ኢኮፓዝ በተባለው ሞዴል አሳይተዋል፤ በ2011 ሐይቅ የተባለው የወሎ ሐይቅ ተከተለ። ጋሻው ተስፋዬ ከብሬመኑ ተመራማሪ ከማቲያስ ቮልፍ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣው የካርፕ ዓሣ ቆቃ ሐይቅ ላይ ያመጣውን ለውጥ በ2018 በሞዴል መርምረዋል። እነዚህ ሐይቁ እንዴት እንደሚሠራ ይነግሩናል። የትኛው ሕግ ያዋጣል ብሎ መፈተን ግን ከዚያ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ እርምጃው ከየትም በፊት የሚያስፈልገው ደግሞ ለጣና ነው።

ጣና ላይ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማጥመዱ በአብዛኛው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የደንገል ታንኳ ሥራ ነበር። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ ገበያው ሰፋ። በሐይቁ ውስጥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከደርዘን በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ ይወጣሉ፤ በወንዙ አፍ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ መርዝ። የተመራማሪው የደ ግራፍና የባልደረቦቹ ጥናት በ2004 ሲታተም ከ1991–1993 እስከ 1999–2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ክብደት በ75 በመቶ፣ ቁጥሩ በ80 በመቶ መውረዱን አሳየ። ቁጥሩን ደግሜ ባነበብኩ ቁጥር ያስደነግጠኛል፤ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም።

በ2003 የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ፤ አማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አወጣ። በኋላ እምቦጭ የተባለው አረም መጣ፤ በ2010 የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ርብ ላይም ግድብ ተሠራ። በወረቀት ላይ ያለው ሕግ የተጻፈው ለሌላ ሐይቅ ነው ማለት ይቻላል።

ሲሙሌሽን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የመረብ ቀዳዳ ማስፋት ለቆሮሶ ዓሣ ይጠቅም ይሆናል፤ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ የሚያዘውን ትልቅ ነጭ ዓሣ ግን አያድነውም። በነሐሴና መስከረም የወንዞቹን አፍ መዝጋት ነጭ ዓሣውን ሊያድን ይችላል፤ ግን ከአስጋሪው ስንቱ ያከብረዋል? ሐቀኛ ሞዴል ይህንን ጥያቄ ውስጡ ያስገባል። ግማሹ አስጋሪ ሕጉን ቢጥስ፣ ዝናቡ ቢዘገይ፣ የተያዘው ዓሣ መዝገብ ግማሹ ቢጎድል ደንቡ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? በወረቀት ላይ ጥብቅ የሆነው ሕግ በፈተናው ሊወድቅ ይችላል፤ ሰዎች የሚያከብሩት ለዘብ ያለው ደግሞ ሊያልፍ።

ብዙ መረጃ የለንም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። የዓሣ ነባሪው ደንብ የተወለደው ከመረጃ እጥረት ነው፤ ዛሬ መረጃቸው ጥቂት ለሆነ ውሃዎች የተዘጋጁ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። የባሕር ዳር ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሰበሰበ የመረብ ናሙና ውጤት በእጃቸው አለ። ከባዱ ነገር የደንቡን ግብ መወሰን ነው፦ ስንት ኪሎ፣ ለስንት ቤተሰብ፣ የትኛው ዝርያ ለአደጋ ሳይጋለጥ? ይህንን ፕሮግራመር አይወስነውም። የወይጦ አጥማጅ፣ የሞተር ጀልባ ማኅበራት፣ የዓሣ ነጋዴዎችና የክልሉ ግብርና ቢሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ የሲሙሌሽኑን ሥዕል እያዩ፣ ወንዙ በተዘጋባቸው ሁለት ወራት የአጥማጁን ቤት ማን ይደጉመዋል ከሚለው መጀመር አለባቸው።