የጤና ባለሙያው የሥራ እርካታና የቆላው ጤና ጣቢያ

በጤና ተቋሞቻችን ስለ ሠራተኛ የሥራ እርካታ ሲነሣ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ አለዚያም እንደ ቅንጦት ተቆጥሮ ይታለፋል። ሁለቱም አመለካከቶች ጎዶሎ ናቸው። የሥራ እርካታ ሠራተኛው ከሥራው ባሕርይ፣ ከአለቆቹና ከባልደረቦቹ ጋር ካለው ግንኙነት፣ ከኑሮው ሁኔታና ከድካሙ ውጤት የሚያገኘው በጎ ስሜት ነው። ይህ ስሜት ሲጎድል ጉዳቱ በሠራተኛው ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ በሽተኛው ይሻገራል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ማንኩሽን መውሰድ ይቻላል። ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቻግኒ ተነሥቶ በግልገል በለስና በማምቡክ በኩል የሚደረስባት፣ ሙቀትና ወባ የሚበረታባት የቆላ ከተማ ስትሆን፣ የክልሉ ርእሰ ከተማ አሶሳ ከዓባይ ማዶ ትገኛለች። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። ግድቡን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም፤ ማንኩሽን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን የደረሰው ግጭት ደግሞ ከሙቀቱና ከርቀቱ በላይ የደኅንነት ስጋት ጨምሯል።

በእንዲህ ያለ ቦታ የአንድ ባለሙያ መቆየት ወይም መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ከወሊድ አገልግሎት በላይ የሚያሳይ የለም። የጉሙዝ እናቶች በባህላቸው ከመኖሪያ ቤት ርቀው፣ ጫካ ወይም ወንዝ ዳር፣ ብዙ ጊዜም ብቻቸውን ይወልዱ እንደነበር በጥናቶች ተመዝግቧል። እንዲህ ያለችውን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጣት ፖስተር አይደለም። ቋንቋዋን ጥቂትም ቢሆን የተማረች፣ አማቷን በስም የምትጠራ፣ ባለፈው ዓመት የጎረቤቷን ልጅ በሰላም ያዋለደች አዋላጅ ነርስ ናት። አዋላጇ ተስፋ ቆርጣ ስትለቅ በምትኳ ሌላ ሠራተኛ መመደብ ይቻላል፤ የተገነባው አመኔታ ግን አብሯት ይሄዳል። አዲሷ ባለሙያ ከዜሮ ትጀምራለች፤ በዚህ መካከል ደም የሚፈስሳት እናት ቤቷ ልትቀር ትችላለች።

ባለሙያውን የሚያስለቅቀው ምንድን ነው? ሥነ ልቡናዊው ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ሠራተኛን የሚያስከፉ ነገሮችና የሚያስደስቱት አንድ አለመሆናቸውን አመልክቷል። ደመወዝ፣ የአለቃ ጠባይና የሥራ ቦታ ሁኔታ ሲጓደሉ ያስከፋሉ፤ ውጤት ማየት፣ ምስጋናና ኀላፊነት ማግኘት ግን ያስደስታሉ። አከፋፈሉ ብዙ ትችት ቢደርስበትም ለእኛ ሁኔታ ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገራችን ሐኪሞችና ነርሶች ምርጫ ላይ የታተመ ጥናት ይህንኑ በአኀዝ ያሳያል። ከዋና ከተማዋ ውጭ ለመሥራት ፈቃደኛ የሚሆኑ ሐኪሞች ቁጥር፣ ደመወዝ በእጥፍ ቢጨምር ከ7 በመቶ ወደ 50 በመቶ በላይ ከፍ እንደሚል፣ ጥሩ መኖሪያ ቤት ቢሰጥ ደግሞ 27 በመቶ ያህል እንደሚደርስ ተገምቷል። ለነርሶች ከደመወዝ ቀጥሎ ይበልጥ የሚስባቸው ቤት ሳይሆን በቂ መሣሪያና መድኀኒት መኖሩ ነው። ይህ ሊያስገርም አይገባም። የወባ በሽተኛን መርምሮ መድኀኒት የለም ብሎ መመለስ በቀን ሃያ ጊዜ ሲደጋገም ከደመወዝ ማነስ ያልተናነሰ ልብ ይሰብራል።

ሁኔታው ሲራዘም የሥራ መሰላቸት ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም ውስጥ ይህን ያሰፈረው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት አድርጎ ነው። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ የኀይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ የውጤታማነት ስሜት መቀነስ። ሁለተኛው በምርመራ ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይታወቃል፤ ባለሙያው የበሽተኛውን ፊት ሳያይ ይጽፋል፤ ታማሚው «ሦስተኛው አልጋ» ይባላል፤ ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ ቁጣ ይሆናል። በጤናው ዘርፍ ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ የማፍራት ዓላማ ተይዞ ብዙ ሥልጠና ተሰጥቷል። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ አድሮ ጠዋት ያለ ዕረፍት ሥራ ለሚቀጥል ሰው ርኅራኄን በሥልጠና ብቻ ማስተማር አይቻልም። ጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ከፊል የሥራ ማቆም እስከማድረግ መድረሳቸውም የችግሩን ጥልቀት ያሳያል።

የደመወዝ ውሳኔ ከጤና ጣቢያ ኀላፊ አቅም በላይ ነው። በእጁ ያሉት ግን ጥቂት አይደሉም። የተረኝነት ፕሮግራምን በፍትሕ መደልደል፣ የዝውውር ተራን ግልጽ ማድረግ፣ ለጥፋት ብቻ ሳይሆን ለመልካም ሥራም ሠራተኛን ቢሮ መጥራት ገንዘብ አይጠይቅም። የድጋፍ ክትትል ቡድንም ከዞን ሲመጣ መዝገብ ገልጦ ጉድለት ቆጥሮ ከሚመለስ፣ ከባድ በሽተኛን አብሮ ቢያይና ቢያስተምር ሠራተኛው የቀጣዩን ጉብኝት ቀን በጉጉት ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና በ2021 ያሻሻለው ባለሙያን በገጠር የማቆየት መመሪያም ትምህርትን፣ ጥቅማ ጥቅምን፣ የኑሮ ሁኔታንና ሙያዊ ድጋፍን ነጣጥሎ ሳይሆን አጣምሮ መስጠትን ይመክራል።

ባለሙያው ለምን እንደሚሄድ የሚጠየቅ ከሆነ፣ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ የመልቀቂያ ወረቀቱን ሊያስፈርም ሲመጣ ነው፤ በዚያን ሰዓት ሻንጣው ታስሯል። ያው ጥያቄ በተመደበ በሦስተኛው ወር ቢቀርብለት መልሱ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ፣ የዘገየ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም የጠፋ የደም ግፊት መለኪያ ሊሆን ይችላል።