የጥይት ድምፅና የጆሮ አማና



ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤና በካራ በኩል ወደ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን የሚወጣው መንገድ ወደ ወሎም የሚወስድ ነው። ረመዷን ከመግባቱ በፊትና ከዒድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከካራና ከአካባቢዋ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በዚህ መንገድ ወደ ዘመድ ሠርግ ይጓዛል። በብዙ የሸዋና የወሎ ገጠሮች ደግሞ ሙሽራ ሲሸኝም ሲገባም ጥይት መተኮስ የቆየ የደስታ መግለጫ ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ሰው ሊገድል እንደሚችል ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ድምፁ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን እምብዛም አይወራም።

አስተማሪ ሳለሁ ቁርኣን ሲቀራ ሲንን ከሣእ፣ ሣእን ከፋእ የሚያቀላቅል አንድ ተማሪ ነበረኝ። “ልብህን ሰብስብ፣ አታዳምጥም” እያልኩ ደጋግሜ ተቆጥቼዋለሁ። በኋላ እናቱን ሳነጋግር ልጁ ከዓመት በፊት በአጎቱ ሠርግ ላይ ከተኳሹ ጎን ቆሞ እንደነበር፣ ከዚያች ሌሊት ጀምሮም “ጆሮዬ ይጮኻል” ይል እንደነበር ነገረችኝ። ሲመረመር የመስማት ጉዳት ተገኘበት። በልጁ ላይ ያወጣሁት ቁጣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ጽሑፍም ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ጆሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥምዝ አካል አለ። በውስጡ 15,000 ያህል ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅ ሲደርሳቸው ይወዛወዙና መልእክቱን በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካሉ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ልጅ ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ኃይለኛ ድምፅ ቀድሞ የሚጎዳው ቀጭን ድምፆችን የሚቀበሉትን ሕዋሳት ነው። ሲን፣ ሣእና ፋእ የሚለዩት በእነዚህ ቀጭን ድምፆች ነው። ስለዚህ የተጎዳው ሰው ንግግር ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም። “ድምፅህ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይገባኝም” የሚሉ ብዙ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው።

ጆሮ ከከባድ ድምፅ ራሱን የሚከላከልበት መንገድም አለው። በመካከለኛው ጆሮ ያሉ ትንንሽ ጡንቻዎች ይኮማተሩና የሚገባውን ድምፅ ይቀንሳሉ። የጥይት ድምፅ ግን ጡንቻዎቹ ከመኮማተራቸው በፊት ገብቶ ጉዳቱን አድርሶ ያልፋል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የድምፅ ከፍታ በዴሲቤል ይለካል። 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። በሥራ ቦታ 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት እንደ ወሰን ይያዛል። እንደ ጥይት ላለ ድንገተኛ ድምፅ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ ለአዋቂ 140፣ ለልጅ 120 ዴሲቤል ነው። የክላሽ ድምፅ በተኳሹ ጆሮ አካባቢ ከ150 በላይ ሲሆን እስከ 160 ይደርሳል። ሽጉጥም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጆሮን ለዘለቄታው ለመጉዳት አንዲት ጥይት ልትበቃ ትችላለች።

“ስንት ጊዜ ተኩሻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም” የሚሉ አሉ። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አያምም። ከተኩስ በኋላ ጆሮ ይጮኻል፣ ይደፈናል፣ በማግስቱ የተሻለው ይመስላል። ውስጡ ግን የተወሰኑ ሕዋሳት ሞተው ሊሆን ይችላል። ይህ እየተደጋገመ ሲሄድ ሰውየው በ40 ዓመቱ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጉልኝ ማለት ይጀምራል። በቀኝ ትከሻ ጠመንጃ የሚደግፍ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ጆሮው ይበልጥ ይጎዳል። ሲያነጣጥር ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ስለሚቀርብና ቀኙን ጭንቅላቱ ስለሚከልለው ነው።

በሠርግ ላይ ግን ከተኳሹ ይልቅ አጠገቡ ያለው ሊጎዳ ይችላል። ድምፁ የሚበረታው በአፈሙዙ ፊትና ጎን ነው። ቀለህ ለመልቀም የሚሻሙት ሕፃናት የሚቆሙትም እዚያው ነው። ድንኳኑ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በግድግዳ መካከል ሲተኮስ ድምፁ እየተመለሰ ጉዳቱን ያብሰዋል።

እንዴት እንጠበቅ?

ለሠርግ የሚበጀው አለመተኮስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ፈቃድ ያለው ሰውም ቢሆን በሰው መካከል የሚተኩስበት ምክንያት የለውም። በሥራቸው ምክንያት ለሚተኩሱ ወይም ለሚለማመዱ፣ ለጥበቃ ሠራተኞች፣ ለፀጥታ አባላትና ለስፖርት ተኳሾች ግን የሚከተለው ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ። በንጹሕ እጅ በጣቶች መካከል አድርጎ እስኪቀጥን ማሽከርከር፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ ከዚያ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል። ግማሹ ውጭ ከቀረ ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ጆሮን በሙሉ የሚከድነው የጆሮ መሸፈኛ። ዙሪያውን ከቆዳ ጋር መግጠም አለበት። መነጽር፣ ኮፍያ ወይም የሒጃብ እጥፋት በመሐል ከገባ ድምፅ ያስገባል።

ሦስተኛ፣ ለጠመንጃ ሁለቱንም መደረብ። አንዱ ብቻውን ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛው ሲደረብ 5 ያህል ይጨምራል። ከ160 ስንነሳ ይህች 5 ትንሽ አይደለችም።

አራተኛ፣ ርቀት። በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። የማይተኩስ ሰው ይራቅ፣ ልጅ ጭራሽ አይቅረብ።

ጥጥ፣ ሶፍትና የሞባይል ማዳመጫ ለዚህ አይሆኑም። ቀለህ ጆሮ ውስጥ መሰካት ደግሞ ራሱ ጆሮን ይጎዳል። ድንገት ተኩስ ሊጀመር መሆኑን ካወቃችሁና በእጃችሁ ምንም ከሌለ ሁለቱን ጆሮዎች በጣት አጥብቆ መድፈን ከጥጥ እጅግ ይሻላል። ሕፃን ልጅ የያዘች እናት ግን የልጇን ጆሮ በመዳፏ ከድና ቶሎ ትራቅ።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ ላይ መስሚያ፣ ማያና ልብ ሁሉም ተጠያቂ እንደሚሆኑ አላህ (ሱ.ወ) ነግሮናል። ይህን የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ከሐሜትና ከሐራም ድምፅ ጋር ተያይዞ ነው። ጆሮ አማና ከሆነ ግን ማበላሸቱም ያስጠይቃል። የሌላን ሰው ልጅ ጆሮ ማበላሸት ደግሞ የሰው ሐቅ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ውርወራን መማርን አበረታተዋል። በዚያው ልክ ወደ ወንድም መሣሪያ ማነጣጠርን በቀልድም ቢሆን አጥብቀው ከልክለዋል። ጠጠር ማስፈንጠርን እንኳ ጥርስ ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋል ብለው ከልክለዋል። ራስን መጉዳትም ሆነ ሌላውን መጉዳት እንደማይፈቀድም አስተምረዋል። ታዲያ በጨዋታ የምትወረወር ጠጠር ከተከለከለች፣ የሕፃን ጆሮ የሚያደነቁር ጥይት በደስታ ስም እንዴት ይፈቀዳል?

ኒካሕን ይፋ ማድረግና በድፍ ማድመቅ በሱንናው የመጣ ነው። የወሎ ሽማግሌዎቻችንም ድቤና መንዙማ አውርሰውናል። ደስታችን ድምፅ አላጣም።

ተኩስ ከተሰማ በኋላ

ጆሮ ከተደፈነ፣ ከጮኸ፣ ከደማ ወይም የአንዱ ጆሮ መስማት ከቀነሰ “ይተወኛል” ብሎ ሳምንታት መጠበቅ አይገባም። በተለይ መስማት በድንገት ከቀነሰ ሕክምናው የሚጠቅመው በቶሎ ሲጀመር ስለሆነ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህ ክፍል አላቸው። ዘይት፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ጆሮ ውስጥ አይጨመር።

ወላጆችና ኡስታዞች ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ሲጠሩት የማይሰማ፣ ፊደል የሚያቀላቅል፣ “ምን?” የሚያበዛ ልጅ ካለ ከመቆጣት በፊት ይመርመር። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ዓመት አልፏል።

የካቲት 23 የዓድዋ ድል ሲከበር መድፍ ሲተኮስ እንሰማለን። በማግስቱ የካቲት 24 የዓለም የመስማት ቀን ነው። እኛ ግን ዓመት መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ውዱእ ባደረግን ቁጥር ጆሯችንን ውስጡንም ውጭውንም እናብሳለን። ያን ጊዜ ይህችን አማና እናስታውስ። በሚቀጥለው የቤተሰብ ሠርግ ላይም ጥይቱ ከመጮሁ በፊት “ልጆች አሉ፣ ይቅር” የሚል አንድ ሰው ከመካከላችን ይኑር።

አላህ መስሚያችንን፣ ማያችንንና ልባችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።