ወደ እስጳንያ ከተሞች ለትምህርት ለሚሄዱ ልጆችና ለወላጆቻቸው የሚሆን ምክር

ልጅን ወደ ሩቅ አገር ለትምህርት መላክ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ መስኮብ ሄደው የመድፈኛነትን ትምህርት ተማሩ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አዘጋጁ። ዶክተር መላኩ በያንም በአሜሪካ የሕክምና ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ባላቸው ዕውቀት ሁሉ ለአገራቸው አገልግለዋል። የነዚህ ሰዎች ጉዞ ከንቱ ያልሆነው የሄዱበትን ትምህርት ሳይፈጽሙ ወደ ሌላ ጉዳይ ስላልዞሩ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ በአያትም ሆነ በሰሚት ወይም በቦሌ አራብሳ፣ ልጁን ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚያስብ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለዚህ ሰፈር ቅርብ ነው፤ ከዚያም ተነሥቶ ማድሪድ መድረስ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ይሁን እንጂ የተማሪ መንገድ የሚቃናው ወይም የሚጣመመው በአውሮፕላን ማረፊያው ሳይሆን አስቀድሞ በቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ምክራችን ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ለወላጆችም የተጻፈ መሆኑን የተከበሩት አንባቢዎቻችን ይረዱልናል።

1ኛ፤ ስለ ጽሑፎችና ስለ ስም

የእስጳንያ መንግሥት ከ6 ወር ለሚበልጥ ትምህርት ቪዛ የሚሰጠው ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ የመቀበያ ደብዳቤ፣ የመኖሪያ ገንዘብ ማስረጃ፣ የሕክምና ዋስትና፣ የጤና ምስክር ወረቀት፣ ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላም ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሲቀርብ ነው። ከአገራችን የሚወጣው ጽሑፍ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲው ተረጋግጦ ወደ እስጳንያ ቋንቋ መተርጐም አለበት። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። ትምህርት በእስጳንያ የሚጀመረው በመስከረም ወር ስለ ሆነ፣ በሐምሌ ወረቀት መፈለግ የጀመረ ሰው ዓመቱ ያልፈዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የስም ነገር ነው። በእስጳንያ እያንዳንዱ ሰው ሁለት የቤተ ሰብ ስም አለው፤ አንዱ በአባት፣ ሌላው በእናት በኩል የሚወርድ ነው። ስለዚህ ልጃችን ለምሳሌ ካሣ ተሰማ ወልዴ ቢባል፣ የእስጳንያው ጸሐፊ «ተሰማ» የአባቱ ቤት ስም፣ «ወልዴ» የእናቱ ቤት ስም ይመስለዋል። አባትየው ተሰማ ወልዴ ተብሎ የገንዘብ ማስረጃ ቢልክ ደግሞ አባትና ልጅ በአንድ የቤተ ሰብ ስም ስለማይጠሩ ዝምድናቸው ያጠራጥራል። መድኃኒቱ የአባትና የእናት ስም በግልጽ የተጻፈበትን የልደት ምስክር ወረቀት ከወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ አውጥቶ መያዝ ነው። ሴት ልጅ ባገባች ጊዜ የራሷን ስም አለመለወጧ ግን የእስጳንያም ልማድ ስለ ሆነ ለእናቶች ማስረጃ ችግር የለበትም። በፓስፖርቱ፣ በትምህርት ቤቱ ምስክር ወረቀትና በልደት ወረቀቱ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉንም ፊደል በፊደል መመርመር ይገባል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ታኅሣሥ 1 ቀን የተወለደ ልጅ በአውሮጳ አቈጣጠር ዲሴምበር 10 ቀን 2005 ይሆናል፤ በዚያው ዓመት ጥር 1 ቀን የተወለደው ግን ጃንዩዌሪ 9 ቀን 2006 ነው። ልዩነቱ ለአንዱ 7፣ ለሌላው 8 ዓመት ስለ ሆነ፣ በግምት የተጻፈ ቀን ወረቀቶቹን እርስ በርሳቸው ያጣላቸዋል።

2ኛ፤ ስለ ገንዘብ

ተማሪው ሊኖርበት የሚችል ገንዘብ ያለው መሆኑን የእስጳንያ መንግሥት የሚለካው «ኢፕሬም» በሚባለው መለኪያ ነው። ይህም በአውሮጳ አቈጣጠር በ2025 ለአንድ ወር 600 ዩሮ ነበር፤ ለ12 ወር ሲታሰብ 7,200 ዩሮ ይሆናል። ሂሳቡ ሊለወጥ ስለሚችል የዘመኑን ልክ ከኤምባሲው መጠየቅ ያሻል። ይህም ለቪዛ የሚጠየቅ ዝቅተኛው ልክ ነው እንጂ በማድሪድ ወይም በባርሴሎና ለቤት ኪራይና ለቀለብ በቂ ነው ማለት አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍያም ለብቻው የሚታሰብ ነው።

በአውሮጳ አቈጣጠር ከ2022 ወዲህ ተማሪ ትምህርቱን በማያሰናክል ጊዜ በሳምንት እስከ 30 ሰዓት እንዲሠራ ሕጉ ይፈቅዳል። አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ለታናናሾቹም ይልካል» ብሎ ያስባል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የእስጳንያ መንግሥት ፈቃዱን በየጊዜው የሚያድሰው ተማሪው ትምህርቱን ማለፉን አይቶ ነው። ቤተ ሰቡን ለመርዳት ሌሊት ሲሠራ አድሮ ፈተናውን የወደቀ ልጅ ትምህርቱንም የመኖሪያ ፈቃዱንም ባንድነት ያጣል። ስለዚህ እናትና አባት ገና ሳይለያዩ «የምንልክህ ተማሪ አድርገን ነው ወይስ ሠራተኛ አድርገን?» የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ተነጋግረው ይቍረጡ። ሁለቱን ባንድነት የሚፈልግ ቤተ ሰብ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

ቤት ሸጦ ወይም በወለድ ተበድሮ ገንዘቡን «ሁሉን እኔ እጨርሳለሁ» ለሚል ደላላ መስጠትም የሚያስፈራ ነገር ነው። ለመቀበያ ደብዳቤ ዩኒቬርሲቲውን፣ ለቪዛ ኤምባሲውን በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል።

3ኛ፤ ስለ ከተማና ስለ ቋንቋ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ማድሪድንና ባርሴሎናን ብቻ ነው። ነገር ግን በአውሮጳ አቈጣጠር በ1218 የተመሠረተውና በእስጳንያ ካሉት ሁሉ አንጋፋ የሆነው ዩኒቬርሲቲ ያለው በሳላማንካ ነው፤ በ1531 የተመሠረተው የግራናዳም እንዲሁ የታወቀ ነው። በነዚህ ከተሞች የቤት ኪራይ ከማድሪድ የቀለለ ስለ ሆነ ገንዘቡ የተመጠነ ተማሪ ቢያስብባቸው ይጠቅመዋል።

በእስጳንያ የሚነገረው ቋንቋም አንድ ብቻ አይደለም። በባርሴሎና ካታላን፣ በቢልባኦ የባስክ ቋንቋ፣ በሳንቲያጎ ጋሊሲያን ይነገራል፤ ይጻፋልም። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት «ትምህርቱ የሚሰጠው በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆን እንኳ ገበያው፣ ሐኪም ቤቱና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ የሚናገረው በአገሩ ቋንቋ ነው።

በዚህ ረገድ ምሳሌ የሚሆነን ራሱ እስጳንያዊ ነው። በ1564 በማድሪድ አጠገብ የተወለደው ቄስ ጴድሮ ፓኤዝ ወደ አገራችን ሲመጣ በመንገድ ተይዞ በየመን 7 ዓመት ያህል በግዞት ኖረ፤ በኋላም ተስፋ ሳይቈርጥ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። አማርኛንና ግዕዝን ተምሮ ከመኳንንቱና ከሊቃውንቱ ጋር ያለ አስተርጓሚ ተነጋገረ፤ በ1618ም የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የደረሰውን ጠብ ለታሪክ እንተወውና፣ የባዕድ አገር በር የሚከፈተው በቋንቋ መሆኑን ከርሱ እንማራለን። እርሱ የእኛን ቋንቋ ለመማር ከደከመ፣ ልጆቻችንም የእርሱን አገር ቋንቋ ከመሄዳቸው በፊት 6 ወር እንኳ ቢያጠኑ አይበዛባቸውም።

4ኛ፤ ከደረሱ በኋላ

ከ6 ወር በላይ የሚቈይ ተማሪ በገባ በ1 ወር ውስጥ የውጭ አገር ሰው መታወቂያ ካርድ ለማውጣት ለፖሊስ ማመልከት አለበት። በሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤትም ስሙንና አድራሻውን ማስመዝገብ ይገባዋል፤ ይህን ምዝገባ «ፓድሮን» ይሉታል። ለነዚህ ጉዳዮች ቀጠሮ ማግኘት ብዙ ጊዜ ስለሚያስቸግር በደረሱበት ሳምንት መጠየቅ ይሻላል። ድንገተኛ አደጋ ቢደርስ በአገሩ ሁሉ የሚደወለው ቍጥር 112 ነው።

ቤት ሲከራዩ ሕጉ የሚያዘው የ1 ወር መያዣ ነው። ክፍሉን በዓይን ሳያዩና ውል ሳይፈራረሙ ከአዲስ አበባ ገንዘብ መላክ አይገባም፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ምግብም አብሮ የሚገኝበት «ኮሌኺዮ ማዮር» የሚባለው የተማሪዎች ማደሪያ፣ በተለይ ለሴቶች ልጆቻችን፣ የሚያሳርፍ ነው።

የሰዓት አቈጣጠርም ያሳስታል። ፈተና «በ10 ሰዓት» ቢባል በእኛ ከጧቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ውጤት የሚሰጠው ከ10 ሲሆን ማለፊያው 5 ነው። መምህሩን በስሙ ብቻ መጥራትና «አንተ» ማለት በዚያ አገር ብዙ ጊዜ እንደ ነውር አይቈጠርም። ልጃችን ይህን አይቶ መከባበር የሌለ አይምሰለው፤ ዝም ብሎ አንገቱን ደፍቶ መቀመጥ ግን በዚያ እንደ ጨዋነት ሳይሆን እንዳልገባው ይቈጠርበታልና ጥያቄ መጠየቅ ይልመድ።

5ኛ፤ ስለ ምግብ

ምሳ የሚበላው በእኛ ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ዳቦና የወይራ ዘይት በያለበት ስለሚገኙ ጾም መጾም አያስቸግርም። ነገር ግን የእስጳንያ የምስር ወጥ ብዙ ጊዜ «ቾሪሶ» ከሚባል የዓሣማ ቋሊማ ጋር ይሠራል፤ በአትክልትም ውስጥ የዓሣማ ሥጋ ይከቱበታል። ክርስቲያኑም እስላሙም ልጃችን «ሲን ሴርዶ» ማለትን ይወቅ፤ «የዓሣማ ሥጋ የሌለበት» ማለት ነው። ቡናቸውም አንዳንዱ በስኳር የተቈላ ስለ ሆነ ለእኛ ሰው ይመርራል፤ ያልተቀላቀለውን የሚፈልግ «ናቱራል» ብሎ ይግዛ።

እናቶች በርበሬና ሽሮ ማሰናዳታቸው መልካም ነው። ቅቤና ቋንጣ ግን አይጨምሩ፤ ሥጋንና የወተት ተዋጽኦን ከውጭ ይዞ ወደ አውሮጳ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ስለ ሆነ በድንበሩ ላይ ይወሰድባቸዋል።

6ኛ፤ ስለ እውነተኛ ወሬ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ዋናው ነገር በልጅና በወላጅ መካከል እውነት መኖሩ ነው። በባዕድ አገር ያለ ተማሪ ፈተና ሲወድቅ፣ ሲታመም ወይም ብቸኝነት ሲያጠቃው ወላጆቹ እንዳያዝኑ ብሎ «ደኅና ነኝ» ይላል። ወላጆችም በበኩላቸው በቤት የደረሰውን ኀዘንና ችግር ይሰውሩበታል። እንዲህ እየተሸሸጉ ዓመት ካለፈ፣ በጊዜው ቢነገር ይቃና የነበረው ነገር የማይመለስ ይሆናል።

ስለዚህ ወላጆች ስልክ በደወሉ ጊዜ «ምን ላክህልን?» ከማለት ይልቅ «ምን ከበደህ?» ብለው ይጠይቁ። ልጁም የወደቀበትን ትምህርት ስሙን ጠርቶ ይንገራቸው። ጎረቤትና ዘመድም የሰውን ልጅ ከሌላው ጋር እያስተያዩ ወላጆችን ማሳፈር ይተዉ። ተመልሶ አገሩን የሚጠቅመው፣ በዚያም ቢኖር የሚከበረው፣ ሲወድቅ የሚያነሣው ወገን እንዳለው የሚያውቅ ልጅ ነው። ለሚሄዱት መንገዱን የቀና፣ ለሚቀሩትም ልብን የሰፋ ያድርግላቸው።