ስለ ላፕቶፕ ባትሪና ስለ እምቢታው

ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር አለ፤ ይኸውም ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ መብራቱም በርቶ ሳለ፣ በመስታወቱ ግርጌ ያለችው የባትሪ ምልክት መሰካቱን ብቻ መስክራ ቻርጅ አለማድረጉን ስትናገር ማየት ነው። በዚህ ጊዜ የብዙው ሰው ፍርድ ፈጥኖ በባትሪው ላይ ይወድቅና «ሞቷል» ተብሎ አዲስ ይገዛለታል፤ ባሕርዩን ለመረመረ ሰው ግን ኃይል አልቀበልም ማለቱ ብዙ ጊዜ ከጥንቃቄ እንጂ ከሕመም የመጣ ሆኖ አይገኝም።

በላፕቶፖች ውስጥ ያለው የሊቲየም አዮን ባትሪ የብዙ ሊቃውንት የድካም ፍሬ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም መሠረቱን ጣለ፤ በ1980 ጆን ጉዲነፍ በኦክስፎርድ ሳለ ከኮባልት ኦክሳይድ የተሠራውን ዋልታ አስገኘ፤ በ1985 ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ለአገልግሎት የሚበቃውን ባትሪ አሳየ፤ በ1991ም ሶኒ ለገበያ አቀረበው። ሦስቱ ሊቃውንት በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት በአንድነት ሲቀበሉ ጉዲነፍ የ97 ዓመት አዛውንት ነበርና፣ ኖቤል ከተሸለሙት ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው ሆነ።

ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም አዮኖች ከኮባልቱ ዋልታ ወጥተው በካርቦኑ ንጣፎች መካከል ይሰገሰጋሉ፤ ስንሠራበት ደግሞ ወደ ቀደመ ማደሪያቸው ይመለሳሉ። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ቢገፉት ግን ግሎ እስከ መቃጠል ይደርሳልና፣ አምራቾቹ ከሴሎቹ ጋር አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አብረው ያሽጋሉ፤ እርስዋም እንደ ደጅ አጋፋሪ ቆማ የሚገባውንና የሚወጣውን ኃይል፣ የሙቀቱንም መጠን ያለማቋረጥ ትመዝናለች። ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ ሊቲየሙ በካርቦኑ ገጽ ላይ ተለብጦ እንዳይቀር፣ ሙቀቱም ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋ ባትሪው እንዳይጐዳ፣ በሩን ትዘጋለች። ላፕቶፑን በብርድ ልብስ ላይ አኑሮ የአየር መተንፈሻውን የደፈነ ሰው ቻርጅ ቢቋረጥበት ሊደነግጥ አይገባውም፤ ሲበርድ ይቀጥላል። 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ቀጥ የሚለውም ብዙ ጊዜ ዕድሜው እንዲረዝም በፕሮግራም የተወሰነለት ነው፤ ይህን ወሰን በቅንብሩ ውስጥ ከመፈለግ ይልቅ ወደ ጥገና ቤት መሮጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ጤነኛን ሐኪም ቤት ማስተኛት ነው።

ምርመራው እንግዲህ ከግድግዳው ይጀምር። ሶኬቱንና ማከፋፈያውን በሌላ ዕቃ መፈተን፣ ከዚያም በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የኮረንቲው መድከም ብቻ ምክንያት ሆኖ አይቀርብም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ግን ቻርጀሩን ሊገድለው ይችላል። ክብ አፍ ያላቸውን የዴል ቻርጀሮች ጫፍ በብርሃን አቅርቦ ለተመለከተ ሰው በመካከሉ አንዲት ቀጭን መርፌ ትታየዋለች፤ ይህች መርፌ የቻርጀሩን ማንነትና የዋቱን መጠን ለላፕቶፑ የምታሳውቅ መልእክተኛ ናት እንጂ ኃይል አታስተላልፍም። ከታጠፈች ወይም ከተሰበረች ላፕቶፑ ይሠራል፤ ነገር ግን የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልተቻለም ብሎ ባትሪውን አይሞላም፤ ባለቤቱም አንዲት ፀጉር በምታህል ብረት ጥፋት ባትሪ ሲለውጥ ይገኛል። በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉት ደግሞ 65 ዋት ሲፈልጉ የስልክ ቻርጀር ከተሰጣቸው ወይ በዝግታ ይሞላሉ ወይም ፈጽሞ እምቢ ይላሉ።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ አንዳንድ ጊዜ የተሳከረውን የላፕቶፑን የኃይል ተቈጣጣሪ ወደ ልቡናው ይመልሰዋል። ካልሆነ ዊንዶውስ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት መመልከት ነው፤ በዚያም ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው አቅም ጐን ለጐን ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው እኩሌታ በታች ከወረደ እርጅናው እርግጥ ነው። ለወራት ባዶውን ተዘግቶ የከረመ ባትሪም ቮልቱ እጅግ ወርዶ፣ ያችው ጠባቂ ሰሌዳ ለዘለቄታው ልትዘጋው ትችላለች።

የመዳሰሻ ሰሌዳው ሽቅብ ተነሥቶ አልጫን ያለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ያለ እንደ ሆነ ግን ባትሪው በውስጡ ጋዝ ፈጥሮ አብጧልና ነገሩ ከቻርጅ ጉዳይ ያልፋል፤ ባለሙያ እስኪያወጣው ድረስ ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ከቻርጀሩ ተለይቶ፣ ከመጋረጃና ከወረቀት በራቀ ስፍራ ይቀመጥ፤ እብጠቱን አስተነፍሳለሁ ብሎ በመርፌ መውጋት ሁለቱን ዋልታዎች አገናኝቶ ወዲያው እሳት ሊያስነሣ ይችላል።