የእንቅርት መድኃኒትና የሚያሳክክ ቆዳ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ፣ በአንገታቸው ላይ እንቅርት ያለባቸውን አረጋውያን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለዘመናት የጣለው ዝናብ አዮዲንን ከደጋው አፈር አጥቦ ወስዶታል፤ የታይሮይድ ዕጢም ያለ አዮዲን ሆርሞኑን መሥራት ስለማይችል፣ የሚያገኘውን ጥቂት ለማጥመድ ሲል ራሱ ያድጋል። በአገራችን የምግብ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የዛሬዎቹ አረጋውያን እንቅርት አርጅቶ ነበር።

ያረጀ እንቅርት ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። በውስጡ ያሉት እባጮች ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ የሚመጣውን ትእዛዝ መጠበቅ ትተው በራሳቸው ሆርሞን ያመርታሉ። በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዮዲን ያለው ጨው በስፋት ሲሠራጭ፣ በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች ቁጥር ለጊዜው ከፍ ብሎ ታይቷል። በአረጋውያን ዘንድ ምልክቱ ክብደት መቀነስ፣ ድካምና የልብ ምት መዛባት ስለሆነ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሕመሙ ሲታወቅ በአገራችን በስፋት የሚታዘዘው ፕሮፒልታዮዩራሲል ነው፤ ሜቲማዞል የተባለ ዘመድም አለው። ከ100 ታካሚዎች በ5ቱ ገደማ ላይ ማሳከክ ወይም ሽፍታ ያስከትላሉ። የመድኃኒቱ ሞለኪውል ብቻውን የሰውነትን መከላከያ ለመቀስቀስ እጅግ ትንሽ ነው። ከፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ግን መከላከያው ጥምሩን እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል፤ በቆዳ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል።

ቡሬ የበርበሬ አገር ናትና፣ በበጋ በርበሬ ሲለቅሙና ሲያሰጡ የሰነበቱ እናት ማሳከኩን በበርበሬው ቢያመካኙ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ በርበሬ የሚያቃጥለው የነካውን እጅና ፊት ነው፤ የመድኃኒት አለርጂ ልብስ የሸፈነውን ሆድና ጀርባም አይምርም። ነገሩን የሚያወሳስበው የሆርሞኑ መብዛት ራሱ ቆዳን ማሳከኩ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ማሳከኩ ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ነበረ ወይስ በኋላ መጣ ብሎ ነው። ለደም ግፊትና ለሌላም የሚወሰዱ ክኒኖች ካሉ መጠቅለያቸውን ሁሉ ይዞ መቅረብ ይህን ጥያቄ ያቀልለዋል።

ቀላል ሽፍታ ብዙውን ጊዜ በፀረ-ሂስታሚን ይታገሣል፤ ነባሮቹ ፀረ-ሂስታሚኖች ግን አረጋውያንን ስለሚያፈዙ ለመውደቅ ያጋልጣሉ። አንዱን መድኃኒት በሌላው መተካትም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ በአንዱ ከተቆጡት እስከ ግማሽ የሚደርሱት በሌላውም ሊቆጡ ይችላሉ። ያም ሆኖ ክኒኑን በራስ ፈቃድ መጣል አደገኛ ነው። ሆርሞኑ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ያሻቅባል፤ ምቱ በተዛባ ልብ ውስጥ የረጋ ደምም ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

አንድ ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ክኒኑን የጀመረ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው፣ ሽፍታ ቢኖርም ባይኖርም፣ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳቱን አጥፍቶበት ሊሆን ይችላል። ይህ ከ1,000 ሰዎች ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚደርስ ሲሆን በአረጋውያን ላይ ይበረታል። ያን ጊዜ ክኒኑን አቁሞ በዚያው ዕለት ደም ወደሚመረመርበት ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የገበያ ቀን አይጠበቅም።